ቤንዚኑ ነው ወይስ ሴንሰሩ? ሞተር ሲያስቸግር መጀመሪያ ማን ይመርመር

መኪናው ዳገት ላይ አልጎትት ይላል። መብራት ላይ ሲቆም ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፤ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ድንገት ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት በርታለች። ጋራዥ ሲደረስ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ቤንዚኑ ነው፤ የዘንድሮ ቤንዚን አይታመንም» ይባላል፤ ወይ «ሴንሰሩ ሄዷል፣ ይቀየር»።

ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ችግሩ ሁለቱም እጅግ የሚመቹ መልሶች መሆናቸው ነው። ቤንዚኑ ተቃጥሎ አልቋል፤ መጥቶ አይከራከርም። ሴንሰር ደግሞ ይሸጣል፣ ይገጠማል፣ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል። ስለዚህ ጥፋቱ ያልተገኘ እንደሆነ ቤንዚን ይታማል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር የሴንሰር ስም ከጻፈ ደግሞ ሴንሰር ይቀየራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ዛሬ ከድሮው ይልቅ ኪስ ይጎዳል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። በሌላ በኩል መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አሳውቋል። የቤንዚን መኪና ያለው ሰው እንግዲህ ያለውን አቅፎ መያዝ አለበት። ቪትዙም ኮሮላውም ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል። በስህተት የተቀየረ አንድ ሴንሰር ብቻውን የስንት ቀን ነዳጅ ይበላል።

ርካሽ ቤንዚን የትኛው ነው?

መጀመሪያ ከዋጋው እንነሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ርካሽ ቤንዚን የሚባል ነገር የለም። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ቦሌ ያለው ማደያም ኮልፌ ያለውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ባለማደያው ዋጋ ቀንሶ ደንበኛ ልሳብ ቢል እንኳ አይችልም። «ርካሽ ቤንዚን ቀድቼ ሞተሬን አበላሸሁ» የሚለው አባባል እኛ ጋ አይሠራም።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጋ የሚያጠራጥረው ውዱ ቤንዚን ነው። ማደያ ደርቆ ወረፋው ሲረዝም፣ በተለይ በክልል ከተሞች፣ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ባለባጃጁና ባለታክሲው ወደው አይገዙትም፤ ቀኑ እንዳይባክን ነው። ዋጋው የማደያውን እጥፍ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ጀሪካኑ ትናንት ዘይት ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ውኃም ይዞ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ክዳኑ ላልቶ የዋለ ቤንዚን ደግሞ ቀላሉና ቶሎ የሚነደው ክፍሉ ተንኖ ሄዷል። ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው እሱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሆን ተብሎ የሚቀላቀለው ነው። ዋናው መቀላቀያ ላምባ ነው፣ ነጭ ጋዝ የምንለው። ላምባ ከቤንዚን ሲረክስ መቀላቀሉ ትርፍ ያመጣል፤ ዋጋቸው ሲቀራረብ ትርፉ ይጠፋል። ኬንያ ይህንን ቀላል ሒሳብ ተረድታ እ.ኤ.አ. በ2018 በላምባ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ፀረ ቅልቅል ቀረጥ ጣለች። ቀረጡ የድሃውን ምድጃ ጎድቷል ብለው የሚወቅሱት አሉ፤ እኔም ወቀሳው ይገባኛል። ቢሆንም ቅልቅልን ከማደያ ወደ ማደያ እየዞሩ ከማሳደድ ይልቅ ትርፉን መግደል እንደሚሻል ያሳየ እርምጃ ነው።

ላምባ ሞተር ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ኦክቴኑ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛበት በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ፣ ከቤንዚን በጣም ያነሰ ነው። ካንዴላው ተኩሶ እሳቱ ገና ሳይዳረስ፣ ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ዳገት ላይ ሲረግጡት ከሞተሩ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሄ ነው። ላምባ ከባድ ስለሆነ በደንብ አይተንም። ካንዴላ ያጠቁራል፣ የተረፈው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይት ያቀጥናል።

እዚህ ላይ ሴንሰሩ ይገባል። በዛሬ መኪና ላይ ያንን ቀጭ ቀጭ የሚያዳምጥ ኖክ ሴንሰር አለ። ሲሰማ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም የካንዴላውን መተኮሻ ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትታል። ድምፁ ይጠፋል። ከድምፁ ጋር ግን ጉልበትም ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይበዛል። መብራት አይበራም፣ ስካነር የሚያነበው የብልሽት ኮድም አይመዘገብም። ሹፌሩ «መኪናዬ ደከመች» ይላል። ደህናው ሴንሰር የመጥፎውን ቤንዚን ጉድ ሸፈነለት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ራሱ ይሸፍናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ ያለው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ የኦክቴን ጥያቄውም ይቀንሳል። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዴንቨርና በኦሮራ፣ 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ 87 ነው። ከዚህ የተነሳ ደካማ ቤንዚን የቀዳ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ሳይል ይከርምና፣ አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ አየሩ ሲከብድና ሙቀቱ ሲጨምር፣ ያኔ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጭነትና ኤሲ ከተጨመረበት ይብሳል። ሹፌሩም መንገዱን ይረግማል።

አሜሪካ ያለው ወገን ጥያቄው ሌላ ነው። እዚያ በእርግጥ ርካሽና ውድ ቤንዚን አለ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ማደያ በተለያየ ዋጋ ይሸጣል። በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ኡበር የሚሠራ ሰው ቀን ሙሉ ይህንን ያያል። መሠረቱ ቤንዚን ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቧንቧና ከአንድ ዴፖ የመጣ ነው፤ ልዩነቱ የሚጨመርበት የማጽጃ ኬሚካል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ዝቅተኛ የማጽጃ መጠን እንዲኖር አስገድዷል። ያ መጠን አይበቃም ያሉ መኪና አምራቾች፣ ቢኤምደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ፣ በ2004 ቶፕ ቲር የሚባል ከፍ ያለ ደረጃ አወጡ። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 ሁለቱን አወዳደረ። ከ4,000 ማይል ጋር የሚመጣጠን የሙከራ ጉዞ በኋላ፣ ቶፕ ቲር ያልሆነው ቤንዚን በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ጥላሸት ቫልቭ ላይ ትቶ ተገኘ።

19 እጥፍ ያስደነግጣል። ግን 4,000 ማይሉን አትርሱት፤ ከ6,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በዝግታ ነው። ትናንት ማታ ርካሽ ማደያ ቀድተው ዛሬ ጠዋት መብራት ከበራ፣ የማጽጃ ኬሚካል ማነሱ ምክንያቱ አይደለም። ወይ ቤንዚኑ ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር አለ፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። ያው ማኅበር በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አጣርቶ ነበር። መኪናቸው ሳይጠይቅ ፕሪሚየም የሚቀዱ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት 2.1 ቢሊዮን ዶላር በከንቱ አውጥተዋል አለ። ውድ መቅዳትም መድኃኒት አይደለም።

እንግሊዞች ያዩት

ቤንዚንና ሴንሰር ተነጣጥለው መከሰስ እንደሌለባቸው ከሁሉም በላይ የሚያሳየው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሆነው ነው። ያኔ ለንደን የነበረ ሐበሻ ሹፌር ያስታውሰው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የካቲት መጨረሻ ላይ መኪኖች እዚህም እዚያም መንቀጥቀጥና ጉልበት ማጣት ጀመሩ። ጋራዦች ተጨናነቁ። ስካነር ሲሰካ የሚያወጣው ስም ተመሳሳይ ነበር፦ ኦክስጅን ሴንሰር። ሴንሰሩ ሲቀየር መኪናው ይሻለዋል። እዚህ ድረስ ያየ ሰው «ሴንሰር ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ የብዙ ሺህ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር እንዴት አብሮ ይበላሻል? ሰዎቹ የት እንደቀዱ ሲጠየቁ የብዙዎቹ መልስ የሱፐርማርኬት ማደያ ሆነ። በእንግሊዝ ርካሽ ቤንዚን የሚታወቀው እዚያ ነው።

ቤንዚኑ ተመረመረ። ንጹሕ ነው ተባለ። ኦክቴኑ ልክ ነው፣ ትነቱ ልክ ነው፣ የአውሮፓን ደረጃ ያሟላል። ሻጮቹም ይህንኑ ይዘው ተከራከሩ። መፍትሔው የተገኘው ከመደበኛው ምርመራ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ሲፈለግ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ሲሊከን ነበር። በሚሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ፣ ግን ነበር። ምንጩ በኤሴክስ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ የነዳጅ ማከማቻ ላይ ተደረሰበት። ሱፐርማርኬቶቹ የተጠረጠረውን ቤንዚን ከማደያቸው አስወጡ፤ ለጥገናም ካሣ ከፈሉ።

ሲሊከን ሲቃጠል ወደ ቀጭን የአሸዋ ዱቄት ይቀየራል። ኦክስጅን ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ በቀዳዳዎቹ የጭሱን ኦክስጅን እያሸተተ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት የሚያወጣ ዕቃ ነው። ዱቄቱ ቀዳዳዎቹን ለበጠ። ሴንሰሩ ደነዘዘ፤ የሚያወጣውም ቮልት የማይታመን ሆነ። ኮምፒውተሩ በማይታመን ቁጥር ቤንዚን ሲመጥን ሞተሩ ተበላሸ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ሴንሰሩ በእርግጥ ተበላሽቷል። ያበላሸው ቤንዚን ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ምርመራ አልፏል። ያንን ሳምንት ሴንሰር ቀይሮ ከዚያው ማደያ መልሶ የቀዳ ሰው ሁለተኛ ሴንሰር ያስፈልገዋል።

ይህ ነገር እኛንም የሚነካበት አንድ መንገድ አለ፤ ከማደያም አይመጣም። ጋራዥ ውስጥ የቴስታ ክዳን ወይም የዘይት ቋት ሲገጠም ጋስኬት ይቆጠባል፤ በምትኩ ሲሊኮን ማጣበቂያ እንደ ልብ ይቀባል። ተራው ሲሊኮን እየደረቀ የሚያወጣው እንፋሎት በሞተሩ ትንፋሽ ቱቦ ተስቦ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ተቃጥሎም ያው ዱቄት ይሆናል። ማሸጊያው ላይ ሴንሰር የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበት ማጣበቂያ ገበያ ላይ አለ። መጠየቅ ነው።

ሴንሰሩ ምን ይላል?

በኮድ ላይ ያለው ትልቁ ስህተት ኮዱን የዕቃ መለወጫ ትእዛዝ አድርጎ ማንበብ ነው። ለምሳሌ ፒ0171ን እንውሰድ፤ አዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ከሚታዩት የታወቀ ነው። ትርጉሙ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር በዝቷል ነው፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ቢቆይም አልተስተካከለም። ይህንን የተናገረው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ብዙ ጊዜም የተናገረው እውነት ነው። የተናገረውን ሴንሰር አውጥቶ መጣል ችግሩን አይፈታም። የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የቤንዚን ፖምፓ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ ኖዝል (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው)፣ አቧራ የለበሰ የአየር መጠን መለኪያ፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ።

ለመለየት የሚረዳው ፊውል ትሪም የሚባለው ቁጥር ነው። ተራ ስካነርም ያሳየዋል። ኮምፒውተሩ ከተለመደው ምን ያህል ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ ይናገራል። ከ10 በታች ሲሆን ብዙ አያስጨንቅም። 20 እና 25 ሲደርስ መብራት ይበራል። ቁም ነገሩ መቼ እንደሚጨምር ማየት ነው። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ጋዝ ሲሰጠው የሚወርድ ከሆነ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለግ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚጨምር ከሆነ ፖምፓው፣ ፊልትሮው ወይም የአየር መለኪያው ይጠርጠር። ይህንን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲደረግ ግን እምብዛም አላይም። ስካነሩ ይሰካል፣ ኮዱ ይነበባል፣ ይጠፋል፣ ገንዘብ ይከፈላል።

አንድ የጎረቤቴ መኪና ላይ ያየሁትን ላንሳ። መካኒኩ ቁልፍ ከፍቶ ሞተር ሳያስነሳ ማፕ ሴንሰሩን አነበበ። ይህ ሴንሰር የአየር ግፊት የሚለካ ነው። 77 ኪሎፓስካል ይላል። ስልኩ ላይ ያለው የጥገና መመሪያ ደግሞ ወደ 101 መሆን አለበት ይላል። «ሴንሰሩ ሞቷል» ብሎ ዋጋ ሊያጣራ ተነሣ። 101 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፤ ዮኮሃማ ወይም ጅቡቲ ላይ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚጠበቀው ከ75 እስከ 78 አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ወደ 70 ይወርዳል፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 88 ይወጣል። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፤ አዲስ አበባ መሆኑን ነው የተናገረው። ሊሸጥ የነበረው ጤነኛ ዕቃ ነበር። መጨረሻ ላይ የተገኘው ጥፋት ከስሩ የተሰነጠቀ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሆነ።

በእርግጥ የሚሞት ሴንሰርም አለ። የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦው ሲበጠስ ብዙ መኪና ላይ ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያሳያል። ያንን ያመነ ኮምፒውተር ሞተሩ የበረደ መስሎት ቤንዚን ይደፋል። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላ ይረጥባል፣ ሞቆ ሲጠፋ አልነሳም ይላል። ሹፌሩ «ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ የሚሸተው እኮ ቤንዚን ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ሳይነሳ ስካነር ሰክቶ የሞተሩን ውኃና የሚገባውን አየር ሙቀት ማወዳደር ነው። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው፤ ለአዲስ አበባ ጠዋት 12 ወይም 15 ዲግሪ ቢሆኑ ያስኬዳል። አንዱ 14 ብሎ ሌላው 60 ካለ ዋሾው ታውቋል።

የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚናገረው የክራንክ ሴንሰር ደግሞ ሹፌር የሚያሳብድ ነው። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። መኪናው ቀለበት መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሰው ተሰብስቦ ይገፋል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ፖምፓም ሲደክም እንዲህ ያደርጋል፣ ስለዚህ ፖምፓ ይቀየራል። ከመቀየሩ በፊት፣ ልክ እምቢ ባለበት ሰዓት፣ ቁልፍ እየተጠመዘዘ ስካነሩ ላይ የሞተሩን ዙር ማየት ነው። ሞተሩ እየዞረ ስካነሩ ዜሮ የሚል ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። ዙር እያሳየ ካልተነሳ ግን ወደ ቤንዚኑ መስመር መሄድ ነው፤ ግፊት መለኪያ ጌጅ ይሰካል። በኖዝል የሚሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ወደ 3 ባር መሆን አለበት። ይህ ጌጅ የሌለው ጋራዥ ፖምፓ ሲቀይር በግምት ነው።

ቤንዚኑ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አንደኛው ምልክት ጊዜው ነው። መጥፎ ቤንዚን ቀጠሮ ያከብራል። ከተቀዳ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወይም በማግስቱ ጠዋት ይጀምራል። ሁሉንም ሲሊንደር ይነካል፤ ኮዱም ብዙ ጊዜ ፒ0300 ነው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ የማይለይ የመተኮስ ችግር። ፒ0303 ብሎ ሦስተኛውን ብቻ ከጠራ ቤንዚኑን ተዉት። አራቱም ሲሊንደር የሚጠጣው ከአንድ ታንከር ነው። የሦስተኛው ካንዴላ፣ ኮይል ወይም ኖዝል ይታይ። ከሁለት ወር በፊት የጀመረና ቀስ እያለ የባሰ ችግርም የትናንቱ ቅጂ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳረፍ፤ ውኃ ካለበት ከስር ይለያል፣ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ክረምት ላይ የመሬት ውስጥ ታንከር ውኃ ሊያስገባ ስለሚችል ይህንን ማየት አይከፋም። ለላምባና ለናፍጣ ደግሞ ነጭ ወረቀት አለ። አንድ ጠብታ ጣል አድርጎ መጠበቅ ነው። ቤንዚን ቶሎ ተኖ ወረቀቱን ንጹሕ ይተወዋል። ላምባ ወይም ናፍጣ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ላቦራቶሪ አይተካም፤ ትንሽ ቅልቅልም ሊያመልጠው ይችላል። ግን ነጻ ነው። ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ደጅ ላይ ይሁን።

እውነተኛ ማደያም አይሳሳትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ወደብ ላይ በሰው ስህተት ናፍጣና ቤንዚን ተቀላቅሎ ወደ ብዙ ማደያዎች ተሠራጨ። ደግሞ ከባድ ማዕበል እየመጣ ሰው ሁሉ ነዳጅ ሞልቶ ሊሸሽ በሚዘጋጅበት ሰሞን ነበር። የስቴቱ መንግሥት የማደያዎቹን ዝርዝር በይፋ አወጣ። እዚያ የተሻለው ነገር ስህተት አለመኖሩ አይደለም፤ ስህተት ሲኖር በፍጥነት መነገሩ ነው። እኛ ጋ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው በታክሲ ተራ በኩል ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ቤንዚኑም ሴንሰሩም ሳይሆን ልማዳችን የሚያመጣው። ነዳጅ ሲጠፋ በሪዘርቭ መንዳት ለምደናል። የቤንዚን ፖምፓው ታንከር ውስጥ ነው ያለው፤ የሚቀዘቅዘውም ዙሪያውን በከበበው ቤንዚን ነው። ታንከሩ ሁልጊዜ ሩቡን እንኳ ካልያዘ ፖምፓው ይሞቃል፣ ከስር የተጠራቀመውንም ዝቃጭ ወደ ፊልትሮው ይስባል። ከዚያ ጉልበት ያንሳል፣ ፒ0171 ይመጣል፣ ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል።

የሚቀየረውም ሴንሰር ቢሆን ያሳስባል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ላይ ካርቶኑ ዴንሶ (የጃፓኑ የመኪና ዕቃ አምራች) የሚል ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጤነኛ ኦሪጅናል አውጥቶ ፎርጅድ መግጠም ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በእርግጥም የሴንሰር ችግር ይኖረዋል። ስለዚህ አሮጌው ዕቃ ሁልጊዜ ይመለስላችሁ። ጋራዡ ካስቀረው ጠይቁ። ገንዘባችሁ ነው።

በሱቅ የሚሸጡት የኖዝል ማጠቢያ ፈሳሾችስ? ጥላሸት ላይ ጥቂት ይረዳሉ። ውኃ፣ ላምባና አሸዋ ላይ ምንም አያደርጉም። ያንን ታንከር አራግፎ፣ ፊልትሮ ቀይሮ፣ ካንዴላ አይቶ በንጹሕ ቤንዚን መሙላት ብቻ ነው መፍትሔው።

ቤንዚኑ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ደግሞ ታንከሩን ሳታስራግፉ ናሙና አስቀሩ። በብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ቀኑና ማደያው ተጽፎበት። እንግሊዝ አገር ካሣ ያገኙት ሰዎች የት እንደቀዱ ማሳየት የቻሉ ናቸው። እኛ ጋ ድሮ ይህ አይታሰብም ነበር፤ ጥሬ ብር ለቀጂው ሰጥቶ መሄድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል ቀኑ፣ ሰዓቱና የብሩ መጠን ስልካችሁ ላይ ይቀራል። መልእክቱን አታጥፉት። ናሙናውንና መልእክቱን ይዞ መጀመሪያ ማደያው ጋ፣ ካልሆነም የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ጋ መሄድ ይቻላል። ከጀሪካን ለቀዳ ሰው ይህ በር ዝግ ነው።